ያልተዘራው ሣር፦ ጓሳ፣ ቄሮ እና «መሬት ለአራሹ»

ስለ ሣር ታሪክ ልንጽፍ ነው ስንል አንዳንድ ጓደኞቻችን ሳቁብን። «ታሪክ የነገሥታትና የጦርነት፣ ቢበዛ ደግሞ የመደብ ትግል ነው። ሣር ምን ታሪክ አለው? ይበቅላል፣ ይታጨዳል፣ ይበላል፤ አለቀ» አሉን። እውነት ለመናገር እኛም መጀመሪያ ላይ ከዚህ የተለየ ነገር አላሰብንም ነበር። ለከተማ ልጅ ሣር ማለት በዓል ሲደርስ ከገበያ ተገዝቶ ቤት ውስጥ የሚጎዘጎዝ ቄጤማ ነው፤ ወይም ደግሞ «ሣሩን አትርገጡ» የሚል ሰሌዳ የቆመበት የግቢ መስክ። ሁለቱም ጌጥ ናቸው። ጌጥ ደግሞ ታሪክ ያለው አይመስልም።

ታዲያ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ ሰው የሚሰበሰብበት፣ የሚማማልበት፣ የሚጣላበትና የሚታረቅበት አንድ ሣር አለ። ጓሳ ይባላል። ጓሳ የሣሩም የቦታውም ስም ነው። ቦታው ከአዲስ አበባ በሰሜን ምሥራቅ በኩል 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ምድሪቱ ወደ ስምጥ ሸለቆው ቁልቁል ከመውደቋ በፊት ባለው ጫፍ ላይ ይገኛል። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው፤ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚያ የሚነሳው ውሃ ገሚሱ ወደ ዓባይ፣ ገሚሱ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ጅብራው፣ አስታው፣ በመንጋ ሆኖ የሚግጠው ጭላዳ፣ ፍልፈል እያደነ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ሁሉ እዚያ አሉ፤ ቱሪስቱም የሚሄደው እነሱን ብሎ ነው። ሣሩን ብሎ የሚሄድ ቱሪስት ግን ያለ አይመስለንም። እኛ የምንጽፈው ስለ ሣሩ ነው።

የዕፅዋት ሊቃውንት ጓሳን ፌስቱካ ከሚሉት ወገን ይመድቡታል። የዚሁ ወገን የሆነ ቅጠሉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ዘመድ አለው። እሱ በአውሮፓና በአሜሪካ በየአትክልት ቦታው ለጌጥ ይተከላል። ባለቤቱ ብርዱ ሲያልፍ የደረቀውን ቅጠል ያነሳለታል፤ በየጥቂት ዓመቱ ደግሞ መሐሉ ሲደርቅበት ከነሥሩ ነቅሎ፣ ከፋፍሎ፣ እንደገና ይተክለዋል። አንድ ሰው፣ አንድ አጥር፣ አንድ ጉብታ ሣር። የመንዙ ዘመዱ ግን ዘሪም ተካይም የለውም። የሰው ልጅ ለእሱ ያደረገለት ትልቁ እንክብካቤ በጊዜው አለመንካት ነው። ይህ ቀላል ይመስላል። አንድ ሰው ብቻውን ቢሆን ቀላል ነበር፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው፣ ከብቱ እየራበው፣ ቤቱ እያፈሰሰበት፣ በአንድነት አልነካም ሲል ግን እንዴት ይሆናል? የጽሑፋችን ጉዳይ ይኸው ነው።

አስቀድመን ስለ ሣሩ ጠባይ ትንሽ እንበል፤ ያለዚያ የሚቀጥለው ነገር ሁሉ እንዲያው ሥርዓተ ማኅሌት ብቻ ይመስላል። ጓሳ እንደ ሰርዶ ምድር ለምድር እየተሳበ የሚሄድ ሣር አይደለም። በጉብታ በጉብታ፣ እንደ ጎፈሬ ነው የሚቆመው። የሚያድግበት እንቡጥ ታች ከሥሩ አጠገብ፣ በደረቀ ቅጠል ተሸፍኖ ይቀመጣል። ሌሊት ውርጩ ሲወርድ ያ የደረቀ ቅጠል ብርድ ልብሱ ነው። ስለዚህ በበጋ በማጭድ ከላይ ቢታጨድ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። በክረምት፣ አፈሩ ጭቃ በሆነበት ሰዓት፣ ከብት ቢሰማራበትና በሰኮናው ቢያቦካው ግን ከነሥሩ ይነቀላል። የተነቀለበትን ቦታ ደግሞ ሌላ ጓሳ አይተካውም፤ ከብት የማይበላው ቁጥቋጦ ይወርሰዋል። ብርዱ ስለሚይዘው እድገቱም አዝጋሚ ነው። ለቤት ክዳን የሚሆን ረጅም ሣር በአንድ ክረምት አይደርስም።

የመንዝ ሰው ይህን ሣር ለምን ፈለገው? አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና በግ የሚኖርበት፣ ዛፍ እንደ ልብ የማይገኝበት አገር። የበጉን ጠጉር ፈትሎ ባና ያሠራል፣ በጓሳው ደግሞ ቤቱን ይከድናል። ገመድ ይገምድበታል፤ መኝታ ያነጥፈዋል፤ መጥረጊያ ያስረዋል። እረኛው በዝናብ ጊዜ የሚደርባት ገሳም ከእሱ ትሠራለች። በድርቅ ዓመት ሌላው ግጦሽ ሁሉ ሲያልቅ ለከብቱ የመጨረሻው መጠጊያ ጓሳ ነው። እንግዲህ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሣር ጌጥ አልነበረም፤ ጣሪያ፣ ልብስ፣ ፍራሽና የክፉ ቀን ስንቅ ነበር።

ታሪኩ የሚነሳው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የአገሩ ሰዎች እንደሚሉት መሬቱን መጀመሪያ ያቀኑት አቅኚ አባቶች አስቦና ጌራ ነበሩ። መንዝ ማማ፣ ላሎና ጌራ ተብሎ መከፈሉን በታሪክ ትምህርት ሁላችንም ሰምተናል። የጓሳ መሬት በአስቦና በጌራ ልጆች መካከል የጋራ ሆነ፤ አጠባበቁም ቄሮ ተባለ። (በቅርብ ዓመታት በፖለቲካው ሜዳ ከሰማነው ስም ጋር እንዳይምታታብን፤ ይሄ የመንዝ ነው።) ስለዚህ ሥርዓት በሰፊው የጻፈልን ዘላለም ተፈራ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በዚሁ በጓሳ የጋራ መሬት አያያዝ ላይ ነበር። እኛም ከዚህ በታች ስለ ቄሮ የምንለውን ብዙውን ያገኘነው ከእሱ ነው።

ቄሮ እንዲህ ነበር። ተጠቃሚው ሕዝብ ለአስቦ ወገን አንድ፣ ለጌራ ወገን አንድ አለቃ ይመርጣል። አለቃው አባ ቄራ ወይም አፈሮ ይባላል። ጓሳው አንዴ ከተዘጋ በኋላ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ አይከፈትም። ማጭድም ሆነ ከብት፣ ማገዶ ለቃሚም ቢሆን አይገባም። የመዝጊያውን ርዝመት የሚወስነው ራሱ ሣሩ ነው፤ አባ ቄራው የሣሩን ቁመት አይቶ፣ «ደርሷል» ብሎ ሲያምን የሚከፈትበትን ቀን ለሕዝቡ ያስታውቃል። ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ የበጋው ድርቀት ሲጠና፣ በየካቲትና በመጋቢት ገደማ ነው። መጀመሪያ ሰው ገብቶ ያጭዳል። አጨዳው ካበቃ በኋላ ከብት ይገባል፤ ከአጫጁ የተረፈውን ይግጣል። ክረምቱ ሲቃረብ ሁሉም ይወጣል።

የመውጫው ቀን የታወቀ ነው፦ ሐምሌ 5፣ ሐምሌ አቦ። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል ነው። ታቦት ይወጣል፣ ካህናቱ ይገዝታሉ፣ ጓሳው ይዘጋል። ከዚያ ቀን በኋላ ከብቱን ጓሳ ውስጥ የተወ ሰው የጣሰው የአባ ቄራውን ትእዛዝ ብቻ አይደለም፤ ግዝት አፍርሷል። እኛ ይህን ስናነብ ያስደነቀን የቀኑ አመራረጥ ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ዝናቡ የሚከብድበት፣ አፈሩ የሚላላበት፣ ከላይ ያልነው የሣሩ አደጋ የሚጀምርበት ወቅት ነው። ካህኑ አቦን አስቦ፣ ገበሬው ጭቃውን አስቦ አንድ ቀን ላይ ተገናኙ። ማን ማንን እንዳስተማረ እንግዲህ አንጠይቅ።

ጥበቃው በጸሎት ብቻ አልነበረም። የተጠቃሚው ቤተሰብ ወንዶች በየተራ ወጥተው ይጠብቃሉ። ተራው ደርሶ የቀረም፣ ሰርቆ ያጨደም ይቀጣል። የሚገርመው ግን አጥር የለውም። መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ሜዳ አጥሩ ጎረቤት ለጎረቤት ያለው ዓይን ነበር።

እዚህ ላይ ስንደርስ በመካከላችን ክርክር ተነሳ። አንዱ፣ «ይኸውላችሁ! ፈረንጅ ሳያስተምረን፣ መንግሥት ሳያዘን፣ ሕዝቡ ራሱ መርጦ፣ ራሱ ዘግቶ፣ ራሱ ጠብቆ ይኖር ነበር። ከዚህ የበለጠ ዲሞክራሲ የት አለ?» አለ። ሌላዋ ደግሞ፣ «ቆይ እንጂ፤ ሕዝብ ማለት ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ትክክለኛ ነበር። መሬቱ አጽመ ርስት ነውና ወደ ጓሳ ማጭድ ይዞ የሚገባው የዘር ሐረጉን ወደ አስቦ ወይም ወደ ጌራ መቁጠር የሚችል ሰው ብቻ ነው። መቁጠር ያልቻለ፣ ከሌላ አገር መጥቶ የሰፈረ፣ ጓሳው ሥር ቢኖርም፣ ጣሪያው ቢያፈስበትም፣ ሣሩን ከሩቅ ያያል እንጂ አይነካም። ቄሮ ሣሩን ያዳነው ብዙ ሰው ከሣሩ በማራቅ ጭምር ነው። ይህን ሳይናገሩ ቄሮን ማወደስ ታሪክን ግማሹን አንብቦ መጽሐፉን መዝጋት ይሆናል።

ወደ ራሳችን ታሪክ እንምጣ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። በተማሪው እንቅስቃሴ ታሪክ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ መፈክር የለም፤ እኛም እስከ ዛሬ በኩራት ነው የምናነሳው። ያን ጊዜ በደቡቡ የአገራችን ክፍል ጭሰኛው ካመረተው ላይ እኩሌታውንም ሆነ ሲሶውን ለባላባቱ እየሰፈረ ይኖር ነበር። መፈክሩ የዚያን ሰው ጩኸት አሰማ። እንደ መንዝ ባለው የርስት አገር ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ገበሬው አነሰም በዛ ርስተኛ ነው፤ የሚያርሰውን የሚቀማው ባላባት በደቡቡ መጠን አልነበረበትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጓሳ የሚታረስ መሬት አልነበረም። አራሽ የለውም። ታዲያ «መሬት ለአራሹ» ሲባል አራሽ የሌለው መሬት ለማን ነው?

ይህን ጥያቄ በ1957 የጠየቀ ተማሪ ስለመኖሩ አላነበብንም። አንፈርድባቸውም፤ እኛም ብንሆን አንጠይቅም ነበር። የመፈክር ጠባዩ ነው፤ ሁለት ቃል ውስጥ ሣር አይገባም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ወጣ። አንድ ቤተሰብ የሚያርሰው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የገበሬ ማኅበራት በ800 ሄክታር በ800 ሄክታር ይደራጁ ተባለ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ፣ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ታውጆ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር መላክ ጀምረው ነበር፤ ማኅበራቱን በማደራጀት ረገድ ትልቅ እጅ ነበራቸው። በደቡብ ብዙ ቦታ ገበሬው በእልልታ ተቀበላቸው። አዋጁ ርስትንና ርስት የሚያስገኘውን መብት ሁሉ ሲሽር ግን አጽመ ርስትም ተሻረ። አጽመ ርስት ሲሻር አስቦና ጌራ በጓሳ ላይ ሥልጣናቸው አበቃ። አባ ቄራውም እንደዚያው።

የሆነው ነገር ለማሰብ አይከብድም። ትናንት ከሩቅ ያይ የነበረው ሰው ዛሬ መብት አገኘ፤ ያ ፍትሕ ነው። ግን መብቱን ሲያገኝ የመዝጊያውን ቀን የሚያውጅ፣ የሣሩን ቁመት የሚያይ፣ ተራ ጠባቂ የሚልክ ሰው አልነበረም። በጓሳ ዙሪያ ያሉት ማኅበራት እያንዳንዳቸው ሜዳው የእኔም ነው አሉ። የሁሉም የሆነው ሣር ጠባቂ አጣ። ከብት በክረምትም ገባ፣ አጨዳው ወቅት አልጠበቀም፣ በዳር በዳሩ እርሻ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ለሦስት መቶ ዓመት ያህል የቆየው ሥርዓት በአንድ አዋጅ ቀረ። በዚያ ላይ አዋጁ ጓሳን ለይቶ አላጠቃም፤ ጓሳን አላሰበውም ብንል ይሻላል።

አሁን የሚመጣው ክፍል ከታሪኩ ሁሉ እኛን በጣም ያነቃቃን ነው፤ በጥቂት ቃል የሚያልፉት ግን ብዙዎች ናቸው። ገበሬዎቹ ሜዳው ሲራቆት አይተው ዝም አላሉም። ቄሮን እንደ ነበረ መመለስ አይችሉም፤ የርስት ነገር ተነስቶ «አድኃሪ» የሚያሰኝ ዘመን ነው። ስለዚህ አዋጁ ራሱ በሰጣቸው ዕቃ ተጠቀሙ። በጓሳ ዙሪያ ካሉት የገበሬ ማኅበራት ተወካዮች ተመርጠው አንድ የጓሳ ኮሚቴ ቆመ። ኮሚቴው ደንብ አወጣ፣ ጠባቂ መደበ፣ ሜዳውን መዝጋትና መክፈት ጀመረ። አባ ቄራው ወንበሩን ለሊቀመንበር ለቀቀ ማለት ይቻላል። ልዩነቱ አንድ ነገር ላይ ነው፤ ትልቅ ነገር ላይ። በኮሚቴው ጊዜ ተጠቃሚ ለመሆን አያት መቁጠር ቀረ። የማኅበሩ አባል መሆን በቃ። ሰባት ትውልድ ቆጥሮ የሚገባው ሰውና ሲመለከተው የኖረው ጎረቤቱ አንድ ሜዳ ላይ ማጭድ ይዘው ተገናኙ።

የዘመኑ ጸሐፊ ቢሆን ይህን ምን ብሎ እንደሚጽፈው መገመት አያስቸግርም፦ «ሰፊው ሕዝብ በአብዮቱ ድል ተነሳስቶ...» ይል ነበር። ቄሮን የሚወድ ጸሐፊ ደግሞ፣ «አባቶቻችን ያቆዩልን ጥበብ በሌላ ስም ተመለሰ» ይላል። ሁለቱም ከፊል ልክ ናቸው፤ ሁለቱም ያስቆጡናል። የመጀመሪያው ሣሩ ያለ ጠባቂ የቀረበትን ጊዜ ይዘላል። ሁለተኛው ከሩቅ ሲያይ የኖረውን ሰው ይዘላል። ገበሬው ግን አንዱንም አልዘለለም። ከአሮጌው መዝጋትን ወሰደ፣ ከአዲሱ የአባልነትን እኩልነት ወሰደ፣ የቀረውን ተወ። እኛ በመጽሐፍ ስንጨቃጨቅበት የኖርነውን ቅራኔ እሱ በማጭድ ፈታው፤ ሙሉ በሙሉ ፈታው ባንልም።

ኮሚቴው ለረጅም ጊዜ የቆመው በመተማመን ብቻ ነበር። የጻፈው ደንብ ከቀበሌው ወሰን ውጪ ሕግ ሆኖ አልታወቀለትም። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ነው የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ቦታ ብሎ የተቀበለው። ዛሬ ጠባቂዎች አሉት፤ ከእንግዳ ማረፊያውም ገቢ ይገኛል። ቀይ ቀበሮውን ለማየት የሚመጣ ሰው የሚከፍለው ብር በተዘዋዋሪ ሣሩን ይጠብቃል ማለት ነው። አይ ጊዜ! ድሮ ሣሩ ተጠብቆ ቀበሮው በአጋጣሚ ተረፈ፤ አሁን ቀበሮው እየተጠበቀ ሣሩ አብሮ ይተርፋል።

ነገሩ ግን እዚህ ላይ የሚያበቃ አይደለም። አንደኛ፣ ቆርቆሮ መጥቷል። ቤቱን በቆርቆሮ የከደነ ገበሬ ለክዳን ብሎ አምስት ዓመት የሚታገስበት ምክንያት ይቀንሳል። ገሳ የሚለብስ እረኛም እየቀረ ነው፤ ፕላስቲክ ይደርባል። ሣሩን ያስከበረው ጥቅሙ ነበር፤ ጥቅሙ ሲያንስ ክብሩ በምን ይቆማል? ለቀበሮው ሲባል ነው ብንለው ገበሬው ሊስቅብን ይችላል፤ ጓደኞቻችን በእኛ እንደሳቁት።

ሁለተኛውና የከበደን ነገር ይህ ነው። በ1967 የተከፋፈለው መሬት ለዛሬው ወጣት የሚበቃ አይደለም። አባቱ ያገኘችው ቁራሽ ለአራት ወንድማማች ስትካፈል አራት ጥማድ በሬ የምታዞር እንኳ አትሆንም። ይህ ወጣት ከማሳው ጫፍ ቆሞ ቀና ሲል የሚያየው ያንን ሰፊ፣ ማንም ያላረሰውን፣ በጎፈሬ ሣር የተሸፈነ ሜዳ ነው። አንድ ቀን ወደ ኮሚቴው መጥቶ በእኛው መፈክር ቢናገርስ? «መሬት ለአራሹ ብላችሁ ነበር። እኔ አራሽ ነኝ፤ መሬቱ ያውና» ቢልስ?

በዚህ ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን፤ አልተስማማንም። አንዳንዶቻችን፣ ያ መሬት ቢታረስ በዚያ ውርጭ የሚያበቅለው ገብስ የጥቂት ዓመት ነው፣ ከዚያ አፈሩ ታጥቦ ወደ ቆላ ይወርዳል፣ ታች ያለው ገበሬም ምንጩ ይደርቅበታል አልን። ክርክሩ ልክ ነው። ነገር ግን ይህን የምንለው መሬት ፈላጊ ያልሆንን፣ ተመርቀን ቢሮ የምንገባ ሰዎች ነን። ሌሎቻችን ደግሞ ለወጣቱ መልስ ሊሰጠው የሚገባው አብሮት የሚኖረው ሰው ነው፤ ስለዚህ መሬት የሌላቸው ወጣቶች ራሳቸው በኮሚቴው ውስጥ ድምፅ ይኑራቸው፣ ከእንግዳው የሚገኘውም ገቢ በቅድሚያ ለእነሱ ይድረስ አልን። ቄሮን ለ300 ዓመት ያቆመው ተጠቃሚው ጠባቂም ስለነበረ ነው። ከሩቅ የሚያይ ሰው እንደገና ከበዛ፣ ያን ጊዜ የዘር ሐረግ ቢሆን፣ አሁን የዕድሜ ጉዳይ ቢሆን፣ ለሣሩ ልዩነት የለውም።

በዚህ ጽሑፍ ላይ የሚቃወመን ቢኖር በተለይ የመንዝ ልጅ ከሆነ ብዕሩን እንዲያነሳ እንለምናለን። አያቱ በአባ ቄራ ዘመን ተራ የጠበቁ፣ ወይም ደግሞ ተራ የማይደርሳቸው ሆነው ከዳር የቆሙ ከሆነ፣ ከእኛ የተሻለ ያውቃል።